ባሕር ማዶን ትተው ወደ እኛ የመጡት

ባለፈው መንፈቅ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ «ከዐሥር ዓመት በኋላ የት ሆኜ መኖር እፈልጋለሁ?» የሚል የድርሰት ርእስ ሰጥቼ ነበር። ወረቀቱን ሰብስቤ ማታ ሳርም ከአርባ ስድስቱ ተማሪዎች ሠላሳ አንዱ ውጭ አገር ብለው ጽፈዋል። ይህስ አያስደንቅም። እርስዎም፥ ውድ አንባቢ፥ በዚያ ዕድሜ ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ ምን ይጽፉ እንደ ነበር ያውቁታል። ምናልባትም በዚህ ሰዓት በቢሮዎ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ፥ ከደብዳቤ መዝገቡ ሥር፥ የተተረጐመ የልደት ምስክር ወረቀትና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ተቀምጦ ይሆናል። እኔም ዲግሪዬን ከተቀበልሁ በኋላ ቅጂውን በማኅተም አስመትቼ ሁለት ዓመት ያህል በፖስታ ይዤ ዞሬአለሁና በማንም ላይ አልፈርድም።

ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ከሠላሳ አንዱ ውስጥ ስለ ገንዘብ የጻፉት ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት የፈለጉት ሌላ ዓይነት ኑሮ ነው፤ ቀጠሮ የሚከበርበት፥ ጎረቤት ገበናን የማይመረምርበት፥ ሰው የማን ልጅ እንደ ሆነ የማይጠየቅበት ኑሮ። አንዱ ተማሪዬማ «ሰው በሰውነቱ ብቻ የሚቈጠርበት አገር» ብሎ ጽፎ የአገሩን ስም ሳይጠቅስ ተወው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጥሁ። ምክንያቱም ይህንኑ ምኞት ይዘው ውቅያኖስ ያቋረጡ ሰዎችን አውቃለሁ። የተጓዙት ግን ወደ አሜሪካን አገር አይደለም፤ ከአሜሪካና ከካሪብያን ደሴቶች ተነሥተው ወደ እኛው ነው።

ከእኛ ወጥተው የሄዱትን ሰዎች ኑሮ ከዘመድ አፍ ሁላችንም ሰምተናል። ከባሕር ማዶ የሚደወል ስልክ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ደጉን ነው፤ እናት እንዳትጨነቅ ሲባል ክፉው ይቀራል። ወደ እኛ የመጡትን ስደተኞች ግን ሄዶ በዓይን ማየት ይቻላል። እንግዲያስ አብረን እንሂድ።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። አውቶቡሱ ሞጆን ካለፈ በኋላ በስምጥ ሸለቆው ሜዳ ላይ ይበርራል። መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም፥ ዝዋይ ላይ ዓሣ፥ አርሲ ነገሌ ላይ ደግሞ እኔ መምህር በመሆኔ ስሙን የማልጠራው መጠጥ በመስኮቱ በኩል ይታያል። ሻሸመኔ ከተማ መካከል ከመድረስዎ ጥቂት ቀደም ብሎ በመንገዱ ዳር አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ የተቀባ አጥር፥ የአንበሳ ሥዕል፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል የተሣለበት የቆርቆሮ በር ማየት ይጀምራሉ። የባጃጁን ነጂ ቢጠይቁት «ጃማይካ ሰፈር ነዋ!» ይልዎታል። ለእርሱ ሁሉም ጃማይካ ናቸው። ከመካከላቸው ግን የትሪኒዳድ፥ የባርቤዶስ፥ የማርቲኒክ ሰዎች አሉ፤ ለንደን ወይም በርሚንግሃም ተወልደው ጃማይካን በዓይናቸው ያላዩም ይገኙባቸዋል።

ነገሩ የተጀመረው ግን ሻሸመኔ ላይ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ በአሜሪካና በካሪብያን የሚኖረው ጥቁር ሕዝብ የባርነት ቀንበር ከጫንቃው ከወረደ ብዙ ዘመን ባይሆነውም በገዛ ተወለደበት አገር እንደ እንግዳ ይቈጠር ነበር። ጃማይካዊው ማርከስ ጋርቬይ ማኅበር አቋቁሞ «አፍሪካ ቤታችን ናት» እያለ ሲሰብክ ብዙ ሺህ ሰው ተከተለው። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነበው ሕዝብ ደግሞ በዳዊት መዝሙርና በነቢያት ውስጥ ኢትዮጵያ የሚለውን ስም በየገጹ ያገኘው ነበር። ስለዚህ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡና የዘውዱ ሥዕል በየጋዜጣው ሲወጣ፥ በጃማይካ ድሆች ዘንድ ወሬው የአንድ ሩቅ አገር የመንግሥት ዜና ብቻ ሆኖ አልታየም። የተስፋው ቀን የደረሰ መሰላቸው። የራስ ተፈሪያን እምነት ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

በዚያው ዘመን ከመጡት አንዱ አርኖልድ ፎርድ ነው። ፎርድ የባርቤዶስ ተወላጅ፥ በኒውዮርክ ሐርለም የጥቁር አይሁድ ማኅበር መምህርና የሙዚቃ ሰው ነበር። ለጋርቬይ ማኅበር የተዘመረውን፥ ኢትዮጵያን የሚያወድሰውን መዝሙር ከደረሱት አንዱ እርሱ ነው። ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር አዲስ አበባ ሲገባ መሬት አግኝቶ ወገኖቹን በብዛት ሊያሰፍር አስቦ ነበር። መሬቱ ሳይገኝ ቀረ። ተከትለው ከመጡትም ብዙዎቹ ገንዘባቸው ሲያልቅ ተመለሱ። እርሱ ኑሮውን በሙዚቃ ሲገፋ ቈይቶ በ1928 ዓ.ም. መግቢያ፥ የኢጣልያ ጦር ወረራውን ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው፥ ዐረፈ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ልቤን የሚነካው የሚስቱ ነገር ነውና። ወይዘሮ ሚኞን ፎርድም የባርቤዶስ ተወላጅ ሲሆኑ የመጡት በኒውዮርክ በኩል ነው። ጋብቻቸውን የፈጸሙት እዚሁ ነው። ባላቸው ሲሞት ሁለት ሕፃናት ወንዶች ልጆች ይዘው ቀሩ፤ ወዲያውም ጦርነቱ መጣ። የመርከብ ቲኬት የሚገዛ ያገኘ ሁሉ በሚወጣበት ጊዜ እርሳቸው አልሄዱም። አምስቱን የወረራ ዓመታት እዚሁ አሳለፉ። ከድሉ በኋላ በአዲስ አበባ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የሚጠራውን ትምህርት ቤት አቋቁመው ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆችን አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 እስኪሞቱ ድረስ ይህን አገር አልለቀቁም። ከልጆቻቸው አንዱ ዐቢይ ፎርድ በአሜሪካን አገር በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት መምህር ከሆኑ በኋላ ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። እንግዲህ ባልና ሚስቱ የመጡት በአንድ ሕልም ነው። እርሱ የጠበቀው የሚሰጠውን መሬት ነበር፤ እርሳቸው ግን ደብተርና ጠመኔ ይዘው አገሩ የጐደለውን ፈለጉ። እኔ መምህር ስለ ሆንሁ ለጠመኔው አዳልቼ እንደ ሆነ ይፍረዱ።

ሙያውን ይዞ የመጣ ሌላም አለ፤ የቺካጎው አውሮፕላን ነጂ ጆን ሮቢንሰን። ወረራው ሲቃረብ መጥቶ ለኢትዮጵያ አየር ኃይል አገለገለ፤ ከነፃነት በኋላም ተመልሶ ወጣቶቻችንን በረራ አስተማረ። በመጨረሻም በአውሮፕላን አደጋ ቈስሎ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ።

አሁን ወደ ሻሸመኔው መሬት እንመለስ። በወረራው ዘመን ዶክተር መላኩ በያን የተባሉ ኢትዮጵያዊ፥ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩና ጥቁር አሜሪካዊት ያገቡ ሰው፥ በጃንሆይ ተልከው ኒውዮርክ ሄዱ። በ1929 ዓ.ም. መጨረሻም «የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በማኅበሩ አማካይነት የሐርለም ድሀ ከኪሱ ሳንቲም እያወጣ ለኢትዮጵያ ረዳ። ዶክተር መላኩ ነፃነቱን ሳያዩ በ1932 ዓ.ም. እዚያው አሜሪካን አገር ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ውለታውን አልረሱም። እ.ኤ.አ. በ1948 በሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ መሬት፥ ማለት 200 ሄክታር ያህል፥ መጥተው መኖር ለሚፈልጉ የማኅበሩ ሰዎች ሰጡ። ጄምስና ሔለን ፓይፐር የሚባሉ ባልና ሚስት ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ሆነው መሬቱን ይጠብቁ ጀመር።

ራስ ተፈሪያን በብዛት መምጣት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ኖኤል ዳየር የሚባለው ሰው የአውሮፕላን ዋጋ ስላልነበረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ከእንግሊዝ ተነሥቶ በፈረንሳይና በእስፓኝ ወደ ሞሮኮ ተሻገረ፤ ከዚያም የሰሜን አፍሪካን በረሃ በብዛት በእግሩ እየተጓዘ፥ በግብፅና በሱዳን በኩል ከአንድ ዓመት በላይ ተንከራትቶ ሻሸመኔ ደረሰ። ዛሬ በዚያው በረሃ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄዱትን የእኛን ወጣቶች ሲያስቡ፥ አንባቢ ሆይ፥ ይህ መንገድ ምን ይመስልዎታል?

ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጃማይካ ሲገቡ ሕዝቡ የአውሮፕላን ማረፊያውን ጥሶ ገብቶ አውሮፕላኑን ከበበው። በዚያ ጉብኝት ጊዜ ለራስ ተፈሪያን መሪዎች «ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታችሁ በፊት ጃማይካን ነፃ አውጡ» የሚል ምክር ሰጥተዋል ይባላል። ምክሩን የሰማ ሰማ፤ ያልሰማም ዕቃውን አሰረ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን እርስዎም ይገምቱታል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የካቲት 25 ቀን በዚያው ዓመት የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መያዝ ተከለከለ፤ ሰው ቀጥሮ ማሳረስም ቀረ። ሰፋሪዎቹ ከአምስቱ ጋሻ አብዛኛውን አጡ። ከፊሎቹ አገሩን ለቀው ሄዱ፤ የቀሩት በጥቂት ቁራሽ መሬት ላይ ጸኑ። መሬቱን የሰጣቸውን ንጉሥ አምላክ ብለው የሚያመልኩ ሰዎች በአብዮቱ ዘመን ምን ዓይነት ዓይን እንደ ታዩ መናገር አያሻም።

ነገር ግን ይህን ታሪክ በአንድ ወገን ብቻ ማየት አይገባም። ያ መሬት ሲሰጥ ባዶ አልነበረም። በዙሪያው የአርሲ ኦሮሞ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ይኖሩ ነበር። በዚያ ዘመን በደቡብ የነበረው ገበሬ በአብዛኛው ጭሰኛ ሆኖ የላቡን ፍሬ ለባለ መሬት የሚያካፍል ነበር። ያቺ የየካቲት ዕለት ለሰፋሪው ተስፋው የተነጠቀባት ስትሆን፥ ከአጥሩ ማዶ ላለው ጭሰኛ እልል የተባለባት ናት። የጃማይካው ሰው የባሪያ ፈንጋይን ግፍ ሸሽቶ ሲመጣ የተቀመጠበት መሬት የሌላ ሰው የእንባ ታሪክ እንዳለበት ማንም አልነገረውም። ስጦታውን የሚሰጠው ሰው ይህን አያነሣም፤ ተቀባዩም ቋንቋውን ስለማያውቅ ከጎረቤቱ አይሰማም። ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ሁሉ፥ በቅንነት ቢሄድም እንኳ፥ ሰዎች ጀምረው ያልጨረሱት ክርክር መካከል ነው የሚገባው።

የዕለት ኑሮውስ? እምነታቸውን በሚገባ የሚከተሉት ሥጋና ጨው አይበሉም። ቁርጥ በሚወደድበት ከተማ ይህ ያስቃል፤ ግን የጾም በያይነቱ ያለበት አገር መሆኑ ረድቶአቸዋል። ከባዱ ሌላ ነው። ኦርቶዶክሱ ጎረቤታቸው ንጉሡን እንደ ንጉሥ ያከብራል እንጂ አይሰግድላቸውም፤ ንጉሡ ራሳቸው ቀዳሽ አስቀድሰው ቈራቢ የነበሩ ሰው ናቸውና። እስላሙ ጎረቤታቸውም በዝምታ ይገረማል። ለጸሎት የሚጠቀሙበት ዕፅ በእኛ ሕግ የተከለከለ ነው፤ በዚህ ምክንያት ከፖሊስ ጋር ያላቸው መቀያየም ብዙ ዘመን የቈየ ነው። ከሁሉም በላይ ልብ የሚያቈስለው ግን አንዲት ቃል ናት። ሰውየው «ወደ አባቶቼ አገር» ብሎ ውቅያኖስ ተሻግሮ፥ ጠጕሩን ጐንጕኖ፥ የሰንደቅ ዓላማችንን ቀለም ከእኛ አብልጦ ለብሶ በመንገድ ሲያልፍ የሰፈር ልጆች ይከተሉትና «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ይሉታል።

ባለፈው ክረምት ዕረፍቴን ምክንያት አድርጌ አንድ አረጋዊ ጎብኝቼ ነበር። በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው የዝንጅብል ሻይ ጋበዙኝ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ሲጨንቀን ወደ እንግሊዝኛ እንሸሻለን። በላስቲክ የተጠቀለለ ፓስፖርት አውጥተው አሳዩኝ። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ጢሙ የጠቈረ ጐልማሳ ነው። ፓስፖርቱ ጊዜው ሲያልፍ ለማሳደሻ የሚሆን ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ገንዘቡ በተገኘ ጊዜ ደግሞ ያለ ፈቃድ የተቀመጡበት ቅጣት ከማሳደሻው በልጦ ነበር። በዚህ ዓይነት ለብዙ ዓመታት የትም አገር የማይቈጠሩ ሰው ሆነው ኖሩ። ያለ ወረቀት የንግድ ፈቃድ አይወጣም፤ መሥሪያ ቤት አይቀጥርም፤ ለቀብር እንኳ ወደ ተወለዱበት ደርሶ መመለስ የለም። እናታቸውን ወደብ ላይ ሲለያዩ ካዩአቸው ወዲህ አላዩአቸውም።

ይቈጫቸው እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። ጥያቄው የልጅ ጥያቄ እንደ ነበር አሁን ይገባኛል። ምቾት ፈልጎ የመጣ ሰው ይቈጨዋል፤ እኔ ምቾት ፈልጌ አልመጣሁም አሉኝ። ከዚያ ጥቂት ዝም ብለው የሴት ልጃቸውን ነገር አነሡ። እዚሁ ተወልዳ ከጎረቤት ጋር በኦሮምኛ፥ በገበያ በአማርኛ የምትነጋገር ልጅ ናት። እርሷ ደግሞ የምትፈልገው እንግሊዝ አገር ሄዳ መሥራት ነው። ሄዳ ሌላ ዓይነት ኑሮ ማየት እንደምትፈልግ ለአባቷ ነግራቸዋለች። አረጋዊው ምን ብለው ይመልሱላት? አትሂጂ እንዳይሉ ራሳቸው ማን አስቀራቸው! ሂጂ እንዳይሉ ደግሞ ሕይወታቸውን በሙሉ የከፈሉበት አገር ነው ትታው የምትሄደው። ሻዩ በእጃቸው እንዳለ ቀዘቀዘ።

ሐምሌ 2009 ዓ.ም. መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች የመታወቂያ ወረቀት እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ብዙዎችም አገኙ። በወረቀቱ ያለ ቪዛ ስጋት መቀመጥና መሥራት ይቻላል። ትልቅ ነገር ነው። ዜግነት ግን አይደለም። ዜግነት የሚፈልግ የውጭ ሰው በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ቢያንስ አራት ዓመት የኖረ፥ ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት የሚችል፥ ራሱንና ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት በቂና ሕጋዊ ገቢ ያለው መሆን አለበት፤ የቀድሞ ዜግነቱንም መተው ይኖርበታል። ወደ ተስፋዪቱ ምድር እሄዳለሁ ሲል መርከብ ላይ የዘመረ ሰው እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ ማሟላት እንዳለበት ማን አስቦት ነበር?

ይህ የእነርሱ ብቻ ዕጣ አይምሰልዎ። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲባረሩ የሚበዙት ጥፋታቸው ያችው የወረቀት ጉዳይ ነበረች። ብዙዎቹ ሥራ ወዳዶች፥ ታማኞች፥ ገንዘባቸውን ለቤተሰብ የሚልኩ ነበሩ። ከአውሮፕላን ሲወርዱ ብዙዎች የያዙት አንድ ከረጢት ብቻ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ቦብ ማርሌ የተወለደበት 60ኛ ዓመት በመስቀል አደባባይ ሲከበር ከዓለም ዙሪያ እንግዳ ጎርፎ ነበር። ሻሸመኔም በዚያ ሰሞን በጎብኚ ተጨናነቀች። ማርሌ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1978 መጥቶ ሰፈሩን አይቶ ተመልሶአል። ዘፋኙም ጎብኚውም ተመለሱ። ዛሬ በሰፈሩ የቀሩት በጥቂት መቶዎች የሚቈጠሩ ናቸው፤ ዳቦ ይጋግራሉ፥ የእጅ ሥራ ይሸጣሉ፥ ትምህርት ቤት ከፍተው የጎረቤቱንም ልጆች ያስተምራሉ። ከሁሉ የተሻለ ሥር የሰደዱት በሙያቸውና በጋብቻ ከአካባቢው ሰው ጋር የተሳሰሩት እንደ ሆኑ በዚያች አንድ ቀን ጉብኝት እንኳ ይታያል። ልጆቻቸው በሦስት ቋንቋ ሲሳደቡ ሰምቻለሁ፤ ለእኔ ይህ ከመታወቂያው ወረቀት የማያንስ ማስረጃ ነው።

ወደ ክፍሌ ልመለስ። «ሰው በሰውነቱ ብቻ የሚቈጠርበት አገር» ብሎ ለጻፈው ተማሪዬ ድርሰቱን ሳስረክበው ጥሩ ማርክ ሰጥቼ ከግርጌው በቀይ አራት ጥያቄ ጻፍሁበት። በደረስህ በመጀመሪያው ሰኞ ጧት ወደየትኛው ቢሮ ትሄዳለህ? በየትኛው ሙያህ፥ በምን ቋንቋ ተናግረህ እንጀራህን ትበላለህ? የፈቀደልህ ሰው ወይም ሕግ ቢለወጥ በእጅህ የሚቀረው ምንድን ነው? የሰፈሩ ልጆችስ ማን ብለው ይጠሩሃል?

በሳምንቱ ሦስት ገጽ ጽፎ መለሰልኝ። የኤሌክትሪክ ሥራ እንደሚማር፥ ቋንቋውን ከወዲሁ እንደ ጀመረ፥ የትኛው ቢሮ ምን ወረቀት እንደሚጠይቅ ሁሉ ጠይቆ አጣርቶአል። በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ ሰርዞ ብዙ ደልዞአል። አራተኛውን ግን ባዶ ትቶ ከጎኑ በእርሳስ «ይህን ሄጄ አየዋለሁ» ብሎአል።